ቆዳ ዘግይቶ ነው የሚናገረው፦ አትክልት ስትሠሩ ቆዳችሁን እንዴት ትጠብቃላችሁ?

አንድ ቀን ቲማቲም ስገርዝ አረፈድኩ። የቲማቲም ቅጠል እጅ ላይ የሚተወውን አረንጓዴ እድፍ የነካው ያውቀዋል። ሳሙና ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል እንጂ ቶሎ አይለቅም። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ሎሚ ቆረጥኩና እጄን አሸሁበት። እድፉ ለቀቀ። በደንብ ሳልታጠብ እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች።

ያን ቀን ምንም አልተሰማኝም። በማግስቱ ማታ የእጄ ጀርባ ይለበልበኝ ጀመር። በሦስተኛው ቀን አበጠና ሁለት ቦታ ላይ ውሃ ቋጠረ። የሆነ ነፍሳት የነደፈኝ መስሎኝ ነበር። ሲድን ግን ጉዱ ወጣ። የሎሚው ጭማቂ የተንጠባጠበበትን መንገድ ተከትሎ ጥቁር መስመር ቀረ። እስኪጠፋ ወራት ፈጀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሎሚ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ጥላ ውስጥ ብዙም ጉዳት የላቸውም። ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ሲያገኛቸው ግን ቆዳውን ያቃጥሉታል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን በኋላ ይጀምርና በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ይብሳል። ለዚህ ነው ሎሚውን ማንም የማይጠረጥረው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ገብቶኛል። ቆዳ የደረሰበትን ወዲያው አይናገርም። የፀሐይ ቃጠሎ የሚታወቃችሁ ከሰዓታት በኋላ ቤት ገብታችሁ ነው። ከእሾህ ጋር የገባ ፈንገስ ሳምንታት ይቆያል። ፀሐይ በቆዳ ላይ የምታመጣው እርጅና ደግሞ ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ «ሲያመኝ አቆማለሁ» የሚለው ስልት አትክልት ቦታ ላይ አይሠራም። ሲያማችሁ ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ሥራው በሚሄድበት ቅደም ተከተል ተጽፏል፤ ከመውጣታችሁ በፊት ካለው ይጀምራል።

1. መጀመሪያ ሰዓቱን ምረጡ

ከሁሉም ርካሹ መከላከያ ሰዓት ነው። ፀሐይ የምትከብደው በግምት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ቆዳን የሚጎዳው የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲሆን ባጭሩ ዩቪ ይባላል። ብዙ የስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያዎች «ዩቪ ኢንዴክስ» የሚል ቁጥር ያሳያሉ። 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መከላከያ ያስፈልጋል። 8 ሲደርስ በጣም ከፍተኛ ነው። 11 እና ከዚያ በላይ ሲሆን እኔ ዶማዬን አላነሳም።

ስልክ ከሌለ ጥላችሁን እዩ። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ፀሐይዋ ከብዳለች ማለት ነው።

ሁለት ነገሮች ሰውን ያታልላሉ። አንዱ ደመና ነው፤ ቀጭን ደመና አብዛኛውን ዩቪ ያሳልፋል። ሌላው ከፍታ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ዩቪ ቢያንስ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደጋ ላይ ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይዋ የተለሳለሰች ይመስላል። ግን ሙቀትና ዩቪ የተለያዩ ናቸው። ብርድ ብርድ እያላችሁም ትቃጠላላችሁ።

ስለዚህ ሥራውን ከፋፍሉት። ማጠጣትና አረም መንቀል ለማለዳ፤ ችግኝ ማዛወር ለአመሻሽ ይሁን። ችግኙም ራሱ ይሄን ይወዳል፤ በቀትር የተዛወረ ችግኝ ቶሎ ይጠወልጋል። እኩለ ቀን ላይ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ዘር ልቀሙ፣ መቀስ ሳሉ። የግድ ውጭ መሆን ካለባችሁ ጥላውን ተከተሉ፦ ጠዋት ከቤቱ በስተምዕራብ፣ ከሰዓት በኋላ በስተምሥራቅ ያለውን መደብ ሥሩ።

እዚህ ላይ ስለ መድኃኒት ላንሳ። አንዳንድ መድኃኒቶች ቆዳ ፀሐይን እንዳይችል ያደርጋሉ። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ አንዱ ነው። ለደም ግፊት የሚሰጡ አንዳንድ ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶችም አሉ። ለብጉር የሚቀቡ የሬቲኖይድ ክሬሞችም እንዲሁ። አዲስ መድኃኒት ከጀመራችሁ ፋርማሲስቱን «ከፀሐይ ጋር ይስማማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቆዳ የሚያነጣ ክሬም የሚቀባ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠንቀቅ። የቆዳውን የተፈጥሮ ጃንጥላ እያነሳ ነው ፀሐይ ውስጥ የሚገባው።

«ጥቁር ቆዳ ምን ይሆናል» የሚል አለ። እውነት ነው፣ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ይረዳል። የጥቁር ቆዳ የተፈጥሮ መከላከያ በፀሐይ ክሬም ሚዛን ወደ 13 እንደሚጠጋ ተገምቷል። የሚመከረው ግን 30 ነው። ደግሞም ጥቁር ቆዳ ባይላላጥ እንኳ ይጠቁራል። ማድያት ይወጣበታል፤ ትንሿ ጭረት ጥቁር ምልክት ትታ ትሄዳለች። አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ሜላኒኑ የላቸውም ወይም በጣም ያንሳቸዋል። ለነሱ ልብሱም ጥላውም ክሬሙም የግድ ነው።

2. ልብስ ከክሬም ይቀድማል

ክሬም ይጠፋል፣ በላብ ይታጠባል፣ ይረሳል። እጅጌ አይረሳም። ስለዚህ መጀመሪያ ልበሱ፣ ልብስ ያልሸፈነውን ብቻ ተቀቡ።

ሸሚዙን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ብርሃኑ ፍንትው ብሎ ካለፈ ዩቪውም ያልፋል። ድርና ማጉ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ይሻላል። ከነጭ ይልቅ ጠቆር ያለ ቀለም የበለጠ ይከላከላል። ስስ ነጭ ጥጥ በላብ ሲረጥብ ደግሞ መከላከሉ ይቀንሳል። «ዩፒኤፍ 50» የሚል ምልክት ያለው ልብስ ከዩቪው 50ኛውን እጅ ብቻ ያሳልፋል። ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ ሰፋ ያለ አሮጌ የሥራ ሸሚዝ ይበቃል።

አትክልት የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ያጎነብሳል። ይሄ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። መንገደኛን ፀሐይ የምትመታው ፊቱንና ትከሻውን ነው። እናንተን የምትመታችሁ ማጅራታችሁን፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ደግሞም ስታጎነብሱ ሸሚዝ ወደ ላይ ሲሳብ ከወገብ በላይ የምትጋለጠዋን ቦታ ነው። ሸሚዙን ሱሪ ውስጥ ክተቱት። ኮሌታውን ወደ ላይ አንሱት ወይም አንገታችሁ ላይ ስስ ሻርፕ ጣል አድርጉ።

ባርኔጣው ዙሪያውን ቢያንስ 7 ሳንቲ ሜትር ክንፍ ይኑረው። ከፊት ብቻ ምላስ ያለው ኮፍያ ጆሮንና ማጅራትን ሜዳ ላይ ይተዋል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የሣር ባርኔጣም እንደ ወንፊት ነው። የፀሐይ መነጽር አድርጉ፤ ለዓይናችሁም ለስሱ የዓይን ዙሪያ ቆዳም ይጠቅማል፣ ቅርንጫፍ ሲፈነጠርም ያድናል።

3. ክሬሙን በመጠኑ ተቀቡ

ኤስፒኤፍ የሚባለው ክሬሙ ምን ያህል ከፀሐይ ቃጠሎ እንደሚከላከል የሚያሳይ ቁጥር ነው። የሚመረጠው ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሁለቱንም የዩቪ ዓይነቶች፣ ማለትም ዩቪኤንም ዩቪቢንም፣ እንደሚከላከል የተጻፈበት ነው። ኤስፒኤፍ 30 ከሚያቃጥለው ዩቪቢ 97 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ኤስፒኤፍ 50 ደግሞ 98 በመቶ። ልዩነቱ እንዳሰባችሁት አይሰፋም። ልዩነት የሚያመጣው መጠኑ ነው። አብዛኛው ሰው ከሚያስፈልገው በጣም ያነሰ ይቀባል፤ ያኔ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ወረቀት ላይ ይቀራል።

መለኪያው አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ለፊት፣ ለአንገትና ለጆሮ በአንድ ላይ አንድ ማንኪያ። ለእያንዳንዱ ክንድ አንድ፣ ለእያንዳንዱ እግር አንድ፣ ለደረትና ሆድ አንድ፣ ለጀርባ አንድ። ሙሉ ሰውነት 35 ሚሊ ሊትር ያህል ይፈጃል። ረጅም ልብስ ከለበሳችሁ ግን የሚቀራችሁ ፊት፣ አንገትና የእጅ ጀርባ ብቻ ነው። ልብስ ይቅደም ያልኩት ለኪሳችሁም አስቤ ነው።

ከመውጣታችሁ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በፊት ተቀቡ። በየ2 ሰዓቱ ድገሙት፤ ካላባችሁ ከዚያም በፊት። መድገሙ ላይ ነው ሁሉም የሚወድቀው። እጅ በጭቃ ተለውሶ ማን ክሬም ይቀባል? ለዚህ በዱላ መልክ የሚመጣው የፀሐይ መከላከያ ይመቻል። ጓንት አውልቆ ፊት ላይ ማስኬድ ነው።

የሚረሱ ቦታዎች፦ የጆሮ ጫፍ፣ ጸጉር የተከፈለበት መስመር፣ የከንፈር ላይ፣ የእግር ጣቶች ጀርባ። ማድያት ያለባችሁ ቀለም ያለውንና አይረን ኦክሳይድ የገባበትን ምረጡ። ማድያትን ዩቪ ብቻ ሳይሆን የሚታየው ብርሃንም ያብሰዋል። ቀለም የሌለው ክሬም ይህን ብርሃን ብዙም አያግድም።

የነፍሳት ማባረሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ የፀሐይ ክሬሙ፣ እሱ ከደረቀ በኋላ ማባረሪያው። ሁለቱን በአንድ የቀላቀለውን ምርት አልወደውም። የፀሐዩ በየ2 ሰዓቱ ይደገማል፤ ማባረሪያው ግን ያን ያህል መደጋገም የለበትም።

4. አንድ ጓንት ለሁሉ አይሆንም

ቢያንስ ሁለት ጥንድ ያዙ። መዳፉና ጣቱ ናይትራይል በሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ የተለበደ ስስ ጓንት ለእርጥብ አፈር፣ ለአረምና ለችግኝ ነው። ክርኑ ድረስ የሚደርስ ወፍራም የቆዳ ጓንት ደግሞ ለጽጌረዳና ለእሾሃማ ሁሉ። መርጫ ከረጫችሁ ሦስተኛ፣ ውሃ የማያስገባ የኬሚካል ጓንት ያስፈልጋል። ተራ የጥጥ ጓንት ለደረቅ ሥራ ብቻ ይሁን። ሲረጥብ ጭቃውንም ኬሚካሉንም መጦ ቆዳችሁ ላይ ያቆየዋል። ከዚያ ባዶ እጅ ይሻላል።

ልክ መሆኑን እዩ። የሰፋ ጓንት እየተንሸራተተ እጅ ያቆስላል። ውስጡ በላብ ሲርስ አውልቁት፤ እጅ ሰዓታት ሙሉ ላብ ውስጥ ከተዘፈቀ ቆዳው ይላላል፣ ያሳክካል። የጎማ ጓንት ባደረጋችሁ ቁጥር የሚያሳክካችሁ ከሆነ ላቴክሱ አልተስማማችሁ ይሆናል፤ ወደ ናይትራይል ቀይሩ። ከማድረጋችሁ በፊት ገልብጣችሁ አራግፉ። ውጭ ያደረ ጓንት ውስጥ ሸረሪት ቢያድር አይገርምም።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ደቃቅ ችግኝ ስተክል ጓንቴን አወልቃለሁ። ሥሩን በጣቴ ካልዳሰስኩ አይሆንልኝም። ለዚህ አንድ በዕድሜ የገፉ አትክልተኛ ያስተማሩኝ ዘዴ አለ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ጥፍራችሁን ደረቅ ሳሙና ላይ ቧጠጥ ቧጠጥ አድርጉ። ጥፍር ሥር ሳሙናው ይሞላና አፈሩ የሚገባበት ያጣል። ስትታጠቡ ሳሙናው ሟሙቶ ይወጣል። የእጃችሁን ጀርባና የጣቶቻችሁን ዙሪያ ደግሞ ስስ ቫዝሊን ቀቡት። ቫዝሊን ከጭቃና ከድርቀት ይከልላል። ከፀሐይ ግን አይከላከልም፤ ይሄን የሚያምታታ ብዙ ሰው አለ።

5. ተክሎቻችሁን እወቁ

ብዙ ሰው ፀሐይና እሾህን ይፈራል፤ ቅጠሉን ግን አያስበውም። እኔን ጨምሮ።

ሎሚ ብቻ አይደለም እንደዚያ የሚያደርገው። ጤና አዳምም አንድ ነው። ሽታው ደስ ስለሚል ሁሉም እየነካካው ያልፋል። በጠራራ ፀሐይ ጤና አዳም ቆርጦ የታቀፈ ሰው ከሁለት ቀን በኋላ ክንዱ ላይ ውሃ የቋጠረ መስመር ቢያይ ምክንያቱ እሱ ነው። ሴለሪና ፓርስሊም ከዚሁ ወገን ናቸው። እነዚህን ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ በጓንትና በረጅም እጅጌ ቁረጡ። ከዚያ ፀሐይ ሳያገኛችሁ በሳሙና ታጠቡ። በክር የሚቆርጥ የሣር ማጨጃ ስትጠቀሙ ደግሞ ቁምጣ አትልበሱ። ማሽኑ የአረሙን ጭማቂ እየፈጨ እግር ላይ ይረጨዋል።

ቀጥሎ ነጭ ወተት ያላቸው። ቁልቋልና ቅንጭብ ሲቆረጡ የሚያፈሱት ወተት ቆዳን ይለበልባል፤ ዓይን ከገባ ደግሞ አደጋ ነው፣ የዓይንን ብሌን ይጎዳል። እነዚህን ስትቆርጡ ጓንትም መነጽርም አድርጉ፤ በጓንቱ ግንባራችሁን አትጥረጉ። ዓይን ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እጠቡና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። «ይተወኛል» ብላችሁ አትጠብቁ።

ሳማን ማንም አይስተውም፤ እሱ እንደ ሌሎቹ አይዘገይም። ጸጉሮቹ እንደ ደቃቅ መርፌ ናቸው፤ ቆዳ ውስጥ ገብተው ይሰበሩና ሂስታሚንና ሌሎች የሚለበልቡ ነገሮችን ይለቃሉ። ሲነካችሁ አትሹት፤ ማሸት ጸጉሩን የበለጠ ይሰካዋል። ማጣበቂያ ፕላስተር ለጥፋችሁ ንቀሉት፣ ከዚያ በሳሙናና በውሃ እጠቡ። የቁልቋል በለስ ጥቃቅን እሾህ ከዚህ ይብሳል፤ አብዛኛው በዓይን አይታይም፣ ግን ለቀናት ይወጋል። መጀመሪያ የሚታየውን በወረንጦ ንቀሉ። ለቀረው ነጭ የወረቀት ሙጫ በስሱ ቀብታችሁ ሲደርቅ ላጡት፤ እሾሁ አብሮ ይወጣል።

ቃሪያና ሚጥሚጣ የሚለቅም ሰው እጁ ቢቃጠል ውሃ አይረዳውም። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም። መጀመሪያ ዘይት ቀብታችሁ አሹት፣ ከዚያ በሳሙና እጠቡ። የማንጎ ዛፍ ፈሳሽም አንዳንድ ሰው ላይ ከባድ ሽፍታ ያወጣል፤ ማንጎ ስትለቅሙ ከቅንጣቱ የሚፈሰውን ፈሳሽ ከፊታችሁ አርቁ። ጸጉራም አባጨጓሬንም በባዶ እጅ አታንሡ።

«ይሄን አበባ ለአሥር ዓመት ስነካው ኖሬያለሁ፣ እሱ ሊሆን አይችልም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ሊሆን ይችላል። አለርጂ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከተደጋጋሚ ንክኪ በኋላ ነው። በተለይ የክሪሳንተመም ወገን የሆኑ አበቦች እንዲህ ናቸው። ዓመታት ዝም ብለው አንድ ቀን ይነሱባችኋል።

6. እግራችሁን አትርሱ

ባዶ እግር መሬት መርገጥ ደስ ይላል፣ አልክድም። አፈሩ ውስጥ ግን የሚጠብቅ አለ። የመንጠቆ ትል እጭ በባዶ እግር ቆዳ በስቶ ይገባል። ሙጀሌም በጥፍር ዙሪያ ይሰፍራል። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ቀይ አፈር ባለባቸው ደጋማ ቦታዎች ለዓመታት በባዶ እግር የሠራ ሰው እግሩ ሊያብጥ ይችላል። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። የሚያመጣው ትልም ባክቴሪያም ሳይሆን በቆዳ የሚገባ የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን ነው። መከላከያው ጫማና በየቀኑ እግር መታጠብ ነው።

ቦቲ ጫማ ከሁሉ ይሻላል። ዶማም ቢያመልጣችሁ እግራችሁን ያተርፋል። ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ክተቱት፤ ጉንዳንም መዥገርም መንገድ ያጣል። ስትጨርሱ ጫማውን አውልቃችሁ እግራችሁን በጣቶች መካከል ጭምር አድርቁ።

የተሰነጠቀ ተረከዝ ካላችሁ ማታ ማታ ወፍራም ቅባት ቀብታችሁ ካልሲ አድርጋችሁ ተኙ። ስንጥቅ ለጀርም የተከፈተ በር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ጨርሱ፦ የቴታነስ (የመንጋጋ ቆልፍ) ክትባት። ጀርሙ አፈርና የእንስሳት ፍግ ውስጥ ይኖራል። በትንሽ እሾህ ቀዳዳ ይገባል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ውስጥ ይመጣል፤ ያኔ የእሾሁን ነገር እናንተ ረስታችሁታል። መሠረታዊውን ክትባት የወሰደ ሰው በየ10 ዓመቱ ማጠናከሪያ ይወስዳል።

7. መርጫ፣ ኖራና አመድ

የጸረ ተባይ መያዣው ላይ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡ። የትኛው ጓንት፣ ስንት ሰዓት መራቅ፣ ቢነካ ምን ማድረግ፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። ነፋስ ባለበት አትርጩ። በእጅ አትበጥብጡ። ጓንቱን ከማውለቃችሁ በፊት ከውጭ እጠቡት፣ ከዚያ እጃችሁን። የረጫችሁበትን ልብስ ከቤተሰብ ልብስ ለይታችሁ እጠቡ። ማፈር የለብንም፤ ሽንት ቤት ከመግባታችሁም በፊት ታጠቡ። የብልት አካባቢ ቆዳ ከክንድ ቆዳ በጣም በፈጠነ ሁኔታ ኬሚካል ይመጣል።

ኖራና አመድ «ተፈጥሯዊ» ስለሆኑ ሰው ይንቃቸዋል። ከላብና ከውሃ ጋር ሲገናኙ ግን ቆዳ ያቃጥላሉ። ዱቄቱ ቆዳ ላይ ከወደቀ መጀመሪያ በደረቁ አራግፉ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ አጥቡት።

8. በሥራው መሐል

በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ሥራ ቀይሩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዶማ የያዘ መዳፍ ውሃ ይቋጥራል። ውሃ ጠጡ። ላባችሁን በንጹሕ ጨርቅ እንጂ በጓንት አትጥረጉ። በቃ፣ እዚህ ላይ ሌላ የለም።

9. ስትጨርሱ ታጠቡ፣ ግን በልኩ

ብዙ እጅ የሚበላሸው ከሥራው ይልቅ በአስተጣጠቡ ነው። እድፍ ሊያስለቅቅ ሲል በረኪና የሚነክር አለ። በነጭ ጋዝ የሚፈትግ አለ። በሎሚ የሚያሸውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። እነዚህ የቆዳውን የራሱን ቅባት አውጥተው ደረቅና ስንጥቅጥቅ ያደርጉታል።

ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። ብሩሽ ለጥፍር ብቻ ይሁን። የሚያጣብቅ የተክል ሙጫ ከሆነ መጀመሪያ የምግብ ዘይት ቀብታችሁ አሹት፣ በጨርቅ ጥረጉና በሳሙና ታጠቡ። ግትር ላለ እድፍ ስኳር በዘይት ለውሳችሁ ቀስ ብላችሁ ፈትጉ። የቲማቲሙም እድፍ በዚህ ይለቃል። ያን ጊዜ ባወቅኩ ኖሮ!

እጃችሁን በፎጣ ተጭናችሁ አድርቁ፣ አትሹት። ቆዳው ገና እርጥበት እያለው፣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቅባት ቀቡት። ግሊሰሪን ያለው ክሬም ጥሩ ነው፤ በጣም ለተሰነጣጠቀ እጅ ግን ወፍራሙ ቫዝሊን ይበልጣል። ማታ ቀብታችሁ የጥጥ ጓንት አድርጋችሁ ብትተኙ ጠዋት ልዩነቱን ታያላችሁ።

የሥራ ልብሳችሁን እንደለበሳችሁ አልጋ ላይ አትቀመጡ። ስትታጠቡ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት በስተኋላና ከጆሮ ጀርባ መዥገር ፈልጉ። ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው በጣም ተጠግታችሁ ያዙና ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። እሳትም ቅባትም አያስፈልግም።

10. ጉዳት ከደረሰ

ቁስል፦ በሚፈስ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ አፈሩን አውጡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ ደሙን አቁሙ፣ ሸፍኑ። አፈር ወይም ፍግ የነካው ጥልቅ ቁስል ከሆነና የመጨረሻው የቴታነስ ክትባታችሁ 5 ዓመት ካለፈው ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የፀሐይ ቃጠሎ፦ ወደ ጥላ ግቡ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ አድርጉበት፣ ውሃ ጠጡ። ቅቤና የጥርስ ሳሙና አይቀባም። የቋጠረውን ውሃ አታፈንዱት፤ ከላይ ያለው ቆዳ ከማንኛውም ፋሻ የተሻለ ሽፋን ነው። ይሄ ለዶማ ቁስልም ይሠራል።

ንብ ብትነድፋችሁ መንደፊያዋን በቶሎ አውጡ። በጥፍር ይሁን በወረንጦ ለውጥ የለውም፤ ዋናው ፍጥነት ነው። ከዚያ ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት። ከንፈር ወይም ፊት ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረ፣ ራስ ካዞረ ግን በደቂቃ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ሂዱ።

11. ከሳምንታትና ከወራት በኋላ

አሁን ወደ ተነሳንበት ነገር እንመለስ። እሾህ ከወጋችሁ ከ1 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ቦታው ላይ የማያም ትንሽ እብጠት ቢወጣ፣ ቆይቶ ቢቆስል፣ ከዚያም በክንዳችሁ ላይ ሌሎች እብጠቶች ተከታትለው ቢደረደሩ ስፖሮትሪኮሲስ የሚባለው ፈንገስ ሊሆን ይችላል። «የጽጌረዳ አትክልተኞች በሽታ» ይሉታል። ከጽጌረዳ እሾህ ሌላ ከድርቆሽና ከሞስ ጋርም ይመጣል። በተራ የቁስል ቅባት አይድንም። ለወራት የሚወሰድ የፈንገስ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ በሱ ይድናል።

በወር አንድ ቀን ደግሞ መላ ቆዳችሁን በመስታወት ፊት ፈትሹ። ቅርጹን፣ ቀለሙን ወይም መጠኑን እየቀየረ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ፣ ወይም በ4 ሳምንት ያልዳነ ቁስል ሐኪም ይየው። ቆዳችሁ ጥቁር ከሆነ የእጅ መዳፍን፣ የእግር ሶልንና ጥፍር ሥርን አትዝለሉ። ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው እዚያ ነው። አትክልት የሚሠራ ሰው ደግሞ ጥፍር ሥር ያለ ጥቁር ነገር ሲያይ አፈር ነው ብሎ ያልፈዋል። ታጥቦ ካልለቀቀና ጥፍሩ አድጎም ካልሄደ አፈር አይደለም።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ደግሞ ሳትጠየቁ «አትክልት እሠራለሁ» በሉ። ምን እንደወጋችሁ፣ ምን እንደቆረጣችሁ፣ ምን እንደረጫችሁ፣ ስንት ቀን እንደሆነው ንገሩ። የጠረጠራችሁት ተክል ካለ ፎቶ አንሡት ወይም አንድ ቅጠል በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ። የእኔን እጅ ያየችው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ከሦስት ቀን በፊት ምን ነክተህ ነበር?» ብላ ነው። ሎሚው ትዝ እስኪለኝ ድረስ ጥቂት አሰብኩ።